ደጋ፣ ፀሐይና ማዲያት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ላይ መንታ ይሆናል። አንደኛው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ በሠራው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሁለተኛው የደጋውን ጫፍ ይዞ በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ ይዘልቃል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ጠላቱ ብርድ ነው። ጋቢውም፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራው ባናም የተዘጋጁት ለብርድ ነው። ፀሐይማ ወዳጅ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ይሞቋታል።

ቆዳ ግን ነገሩን እንዲህ አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ስስ ደመናም ከጨረሩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያሳልፋል። ከጣርማ በር ወደ መንዝ የተዘረጋው ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣት በሚያደነዝዝ ቀን እንኳ የመዘዞ ቀትር በባሕር ጠረፍ ካለው ሐሩር ሲሶ ያህል የበረታ ጨረር ሊያወርድ ይችላል። ነፋሱ ፊትን ስለሚያቀዘቅዘው ሰውየው መቃጠሉን አያውቅም።

ውጤቱ ውሎ አድሮ ይወጣል። ጉንጭን፣ ግንባርንና ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ቦታ የሚይዘው ቡናማ ጥላ ማዲያት ይባላል። በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው። በእርግዝና ጊዜ ይወጣል ወይም ይብሳል፤ በአንዳንዶች ላይ ሆርሞን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ያባብሰዋል፤ ፀሐይ ደግሞ ታጸናዋለች። ቡግር ወይም ቁስል ሲድን ትቶት የሚሄደው ጥቁር ነጠብጣብም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሰው አይገድሉም፤ ብዙ ሴት ግን ከመስታወት ጋር አጣልተዋል።

ዛሬ የዚህ መድኃኒት በስልክ ይመጣል። በቴሌግራምና በቲክቶክ ላይ የምትታየው፣ ክዳኗ ጠብታ መምጠጫ ያለው ትንሽ ብልቃጥ “ቫይታሚን ሲ ሴረም” ትባላለች። ከዚህ ቀደም የሀብታም ዕቃ ነበረች፤ አሁን ደመወዝተኛም ይደፍራታል። ብልቃጧ አዲስ ብትሆንም ፊትን የመንከባከቡ ጉዳይ በዚህ አገር ከታሪክ ሁሉ የቀደመ ነው፤ ደግሞም መጀመሪያ የተጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ለሺህ ዘመናት የኢትዮጵያ ሴት በፊቷና በገላዋ ላይ ቀለም ትጨምር ነበር እንጂ አትቀንስም ነበር።

ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች ከዚያ የወጡትን ቅሪቶች ሲቆጥሩ 4,213 ቁራጭ ቀይና ቢጫ የብረት አፈር አገኙ፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዕድሜው ደግሞ 40,000 ዓመት ገደማ። ከአፈሩ ጋር መፍጫ ድንጋዮቹም ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ ቁራጮች በጥንቃቄ ተፍቀው ጥቂት ዱቄት ብቻ የወጣባቸው ናቸው፤ ይህም ለቆዳ ወይም ለጌጥ የሚሆን መጠን ነው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች እስከ ዛሬ ቀዩን አፈር ከቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉራቸውንና ገላቸውን ይቀቡበታል። ቱሪስት ፎቶግራፍ ለማንሣት ይሯሯጣል፤ አፈሩ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ቀዩን አፈር በሰው ቆዳ ላይ ፈትኖ ከፀሐይ ጨረር እንደሚከላከል አሳይቷል። ወደዚህ አፈር ኋላ እንመለሳለን፤ ነገሩ ከአንድ የዘመኑ የቆዳ ክሊኒክ ምክር ጋር ይገናኛልና።

በሰሜኑ ደጋም ልማዱ ያው መጨመር ነበር። ዓይን በኩል ይደምቃል፤ እጅና እግር በእንሶስላ ሥር ይቀላል፤ አንገትና ድድ በንቅሳት ይዋባሉ። በወሎና በሌላውም አካባቢ ወይባ ጢስ የምትሞቅ ሴት ቆዳዋ ቢጫ ወዘና ይዞ ከጢሱ ትወጣለች። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ለማጥፋት ተብሎ የታሰበ የለም። ነጠብጣቡን ከማሳደድ ይልቅ ዓይንን ወደ ሌላ ጌጥ መሳብ ይቀልላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ቅቤ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መኮንን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከሕንድ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ያየውንም በ1844 በታተሙ ሦስት ቅጾች ጻፈ። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተንም ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ የገበያ ከተማ የከረመበትን ዘመን በመጽሐፍ አወጣ። ሃሪስን የመሰሉ አውሮፓውያን በሸዋ ብዙ ነገር አድንቀዋል፤ ከሰው ራስ የሚንጠባጠበውን ቅቤ ግን አፍንጫቸው አልቻለውም። ያልገባቸው ነገር ነበር። በብርዳማና ደረቅ ነፋስ ውስጥ ለሚውል ቆዳ ቅባት እርጥበቱን ይዞ ያቆይለታል፤ ቆዳው አይሰነጠቅም። ለጋ ቅቤ ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ከመንገድ ለመጣ እንግዳ የተሰጠው ክብር ከዚህ ጥቅሙ ጋር የተያያዘ ነው። ቅቤ ያልቻለው አንድ ነገር ቢኖር ጨረሩን ማገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት የተሰጠው ቫዝሊንም፣ ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው ግሊሰሪንም የቅቤን ቦታ ሲወስዱ ያንኑ ጥቅም ወረሱ፣ ያንኑ ጉድለትም ወረሱ።

ጨረሩን የሚያግደው ሌላ ነበር፤ እሱም ማዕረግ ነበረው። ሣህለ ሥላሴ ሲወጡ ቀይ ድባብ ይያዝላቸው ነበር። ጥላ የንጉሥ ነው፣ የታቦት ነው፣ የመኳንንት ነው። እረኛዋና ውኃ ቀጂዋ ከባናቸውና ከዝናብ ከሚያስጥለው ገሳ በቀር ጥላ አልነበራቸውም። ወፍራም ሱፍ ጨረር ያግዳል፤ ስስ ነጠላ ግን ብዙውን ያሳልፋል፤ ፊትማ ሁልጊዜ ክፍት ነው። በድሮው ሸዋ በገበሬ ሴትና በእመቤት ፊት መካከል የነበረው ልዩነት ከዘር ይልቅ ከድባብ የመጣ ይመስላል፤ ቢያንስ የቆዳ ሕክምና የሚያስተምረው ወደዚያ ያደላል።

ከቅቤ ቀጥሎ ሎሚ ይመጣል። በመዘዞ ብርድ ሎሚ አይበቅልም፤ ከታች ከቆላው ይወጣል። ደጋው ገብስና በግ፣ ቆላው ፍራፍሬና ሽንኩርት እያወጡ ሲገበያዩ ኖረዋል። ሎሚ በዐማራ አገር ከውበት ጋር የተጣበቀ ፍሬ ነው። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረቷን በሎሚ ይመታታል፤ ልጅቱም “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ብላ ያላትን ሁሉ ለብሳ ወጥታለች። ሎሚን ፊት ላይ ማሸት ግን ከደረት ላይ ሎሚ የባሰ ያማል። ዛሬም ከማር፣ ከእርድ፣ ከእርጎ ጋር እየተቀላቀለ ማዲያት ያጠፋል እየተባለ ይመከራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ “ቫይታሚን ሲ አለው” ይባላል።

አለው፤ ግን ስንት? በ100 ግራም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም እንኳ የማይሞላ ቫይታሚን ሲ አለ። በመቶው 10 የሆነ ሴረም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10,000 ሚሊ ግራም ይይዛል። ልዩነቱ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው። በሎሚ ውስጥ የበዛው ቆዳ የሚፋጀው ሌላው አሲድ ሲሆን፣ ልጣጩና ጭማቂው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ውሁዶች አሏቸው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ውኃ ቋጥሮ ሊቆስል፣ ከዚያም ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊያወጣ ይችላል። ነጠብጣብ ለማጥፋት የተቀባው ነጠብጣብ ይጨምራል ማለት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይህን መሞከር ደግሞ ልዩ ድፍረት ይጠይቃል።

ቫይታሚን ሲን ለዓለም ያስገኘው ታሪክም ሎሚን ትቶ በበርበሬ በኩል መሄዱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚል ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1928 በካምብሪጅ ከእንስሳት እጢ አንድ እንግዳ አሲድ ለየ። ምንነቱን ስላላወቀ መጀመሪያ “አላውቅም” የሚል ትርጉም ያለው ስም ሊሰጠው ፈለገ፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ቀልዱን አልተቀበለውም። በ1932 ነገሩ ቫይታሚን ሲ መሆኑ ታወቀ፤ ለምርምር የሚበቃ መጠን ግን ጠፋ። ሴንት ጆርጂ ወደ አገሩ፣ ሴገድ ወደምትባለው ከተማ ተመልሶ ነበር፤ ሴገድ የታወቀችው በበርበሬዋ ነው። ራሱ እንደተናገረው አንድ ምሽት ሚስቱ ለእራት እርጥብ በርበሬ አቀረበችለት፤ መብላት አላሰኘውም፤ እምቢ ለማለትም አልደፈረም፤ “ላቦራቶሪ ወስጄ ልመርምረው” ብሎ ከማዕድ አመለጠ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ በርበሬው በቫይታሚን ሲ የተሞላ መሆኑን አረጋገጠ። በሳምንታት ውስጥ በኪሎ የሚመዘን ንጹሕ ዱቄት በእጁ ገባ። በ1937 የሕክምና ኖቤል ተሸለመ፤ የኬሚካሉን ቅርጽ ያወቀው እንግሊዛዊው ዋልተር ሃዎርዝም በዚያው ዓመት የኬሚስትሪውን አገኘ።

እርጥብ ቃሪያና ቀይ በርበሬ ከሎሚ ሁለት ሦስት እጥፍ ቫይታሚን ሲ አላቸው። ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በርበሬ ሲሆን ግን አብዛኛው ይጠፋል። ይህ ቫይታሚን አየር፣ ሙቀትና ብርሃን አይወድም፤ ይህን ጠባዩን አንባቢ ያስታውሰው፤ የሴረሙም ችግር ያው ነውና። የቫይታሚኑ እጦት ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያውያን በቅርብ ያዩት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ወራት ሙሉ እህል፣ ዘይትና ስኳር ብቻ ሲታደላቸው ድዳቸው ደማ፣ እግራቸው አበጠ። የጥንት መርከበኞችን የፈጀው ስከርቪ ነበር። የመጠለያዎቹ ታሪክ በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጥቷል። በዚያ ጊዜ አንድ ሎሚ የውበት ጉዳይ አልነበረም።

ስዊዘርላንዳዊው ታዴዎሽ ራይሽታይን በ1933 ቫይታሚኑን ከስኳር መሥራት ቻለ፤ በ1934 በፋብሪካ ተመርቶ ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቫይታሚን ሲ ውድ ነገር ሆኖ አያውቅም። ዱቄቱ ምግብ ማቆያ ሆኖ በየጭማቂው ይጨመራል። እንግዲህ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሴረም በመቶ ዶላሮች ስትሸጥ ዋጋው የቫይታሚኑ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ አንድ ጨለማ ዘመን ማንሣት ግድ ነው፤ ርካሽ የፊት ቅባት የሚለው ቃል በአፍሪካ መጥፎ ስም ያተረፈበት ዘመን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጓንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች እጃቸው እየነጣ መጣ። ተጠያቂው ጎማው እንዳይበላሽ ተብሎ በጓንቱ ውስጥ የተጨመረ ሞኖቤንዞን የሚባል ኬሚካል ነበር። ጉዳት መሆኑ የታወቀው ነገር ለአንዳንዶች ንግድ ሆኖ ታያቸው። የሞኖቤንዞን ዘመድ የሆነው ሃይድሮኩዊኖንና ከዚያ በፊት የነበረው ሜርኩሪ በቅባትና በሳሙና ተሞልተው ወደ አፍሪካ ጎረፉ። በ1972 በናይሮቢ የሚሠሩ ሐኪሞች የኩላሊት ሕመም የያዛቸውን 60 ሰዎች መርምረው 32ቱ ሜርኩሪ ያለበት የማቅያ ቅባት ተጠቃሚዎች ሆነው አገኟቸው። የተቀባው ቆዳቸው፣ የተጎዳው ግን ኩላሊታቸው ነው።

ከዚያ 1975 መጣ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሮች ሆኑ። አሜሪካዊው አልበርት ክሊግማንና ባልደረባው ሃይድሮኩዊኖንን ከሁለት መድኃኒቶች ጋር አቀላቅለው የማዲያት ሕክምና ቀመር አወጡ፤ ቀመሩ በሐኪም ትእዛዝ እስከ ዛሬ ይሠራል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሐኪሙ ፊንድሌይና ባልደረቦቹ ይኸው ሃይድሮኩዊኖን ያለ ሐኪም ለዓመታት ሲቀባ የሚያስከትለውን ጉዳት ጻፉ፤ ሰማያዊ ጥቁር፣ ሻካራ፣ የማይለቅ ምልክት ነው። በዚያው ዓመት በሕንድ ፌር ኤንድ ላቭሊ የሚባለው ቅባት ተወለደ፤ በውስጡ ሃይድሮኩዊኖን ባይኖርም ስሙ ነጭ መሆንን ከመወደድ ጋር አጣምሮ ለሸማች አቀረበ። ኩባንያው ስሙን የለወጠው በ2020 ነው። ሕክምና፣ መርዝና ማስታወቂያ በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሸማቿ ደግሞ ከሱቅ መደርደሪያ ፊት ሆና የትኛው የትኛው እንደሆነ የምትለይበት መንገድ አልነበራትም።

ደቡብ አፍሪካ በ1990 ማቅያዎችን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ሃይድሮኩዊኖንን ከመዋቢያ ዕቃ አወጣ፤ አሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ያደረገችው በ2020 ነው። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያዎችንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ሕግ ግን ሻንጣ ሁሉ አይፈትሽም። ከሜርኩሪውና ከሃይድሮኩዊኖኑ ሌላ በየሱቁ የሚዞረው ትልቁ ችግር ስቴሮይድ ነው። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ለሽፍታ የታዘዘ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ለፊት ማቅያ ይውላል። በሳምንት ውስጥ ፊት ያበራል፤ በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ጸጉርና ቡግር ይወጣበታል፣ ሲቋረጥ ማዲያቱ ብሶ ይመለሳል። “የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” የተባለው ለዚህ ይመስላል።

ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ነጋዴ ላይ መጫን ግን ራስን ማታለል ነው። “ቀይ ናት” የሚለው ሙገሳ በእኛው አፍ ሲባል የኖረ ነው፤ ዘፈኑም ሽምግልናውም ይመሰክራል። ጠይምን የሚያሞግስም አልጠፋም፤ ነጋዴው የሰማው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቫይታሚን ሲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለየት ያለ ቦታ አለው። ቆዳን አያነጣም። በቆዳ ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚያመርት ታይሮሲኔዝ የተባለ አቀላጣፊ አለ፤ የሚሠራው በመዳብ ኃይል ነው። ቫይታሚን ሲ ይህን ሥራ ያዘገየዋል፤ በመሐል የተጀመረውን ቀለም ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ጨረር የሚፈጥራቸውን ጎጂ ቅንጣቶችም ያመክናል። ቀለም ሠሪውን ሕዋስ ስለማይገድለው የሰውየው መልክ የሰውየው ሆኖ ይቀራል፤ የሚደበዝዘው ትርፉ ነው።

ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ መቀባት ለምን አይበቃም? ይህን የመለሰው በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የቆዳ ሐኪም ሼልደን ፒኔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በተሰጠው የፈጠራ መብትና በ2001 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ቫይታሚኑ ወደ ቆዳ የሚገባው ፈሳሹ በቂ አሲድነት ሲኖረው፣ ማለትም ፒኤች መጠኑ ከ3.5 በታች ሲሆን ነው። መጠኑም እስከ 20 በመቶ ድረስ ይጠቅማል፤ ከዚያ ማለፍ ትርፍ የለውም። አንዴ የገባው ቫይታሚን ደግሞ በአራት ቀን ውስጥ ገና ወደ ግማሹ ነው የሚወርደው። በ2005 ፌሩሊክ አሲድ ሲጨመርበት ፈሳሹ እንደሚረጋና ከጨረር መከላከሉም እንደሚጨምር አሳየ። ውዱ ሴረም የተወለደው ከዚህ ምርምር ነው። በ2016 ደግሞ በቶሮንቶ የተቋቋመው ዚ ኦርዲነሪ የእነዚህን ውሁዶች ስም በብልቃጥ ላይ በግልጽ ጽፎ ከ10 ዶላር በታች መሸጥ ጀመረ። ሌሎች ተከተሉት፤ ኮሪያውም ሕንዱም ገባበት። ርካሹ ሴረም የመጣው በዚህ በኩል ነው።

የዚህ ፈሳሽ ጠባይ ለመዘዞ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። መዘዞ በዓለም ገበያ የምትታወቀው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ከአካባቢዋ ገደል በሚወጣው ቡናማ ኦፓል ነው። ድንጋዩ ሲወጣ ቀስተ ደመና ያበራል፤ በውስጡ ያለው ውኃ ሲሸሽ ግን ብዙው ይሰነጠቃል፤ በ2008 ከወሎ የወገል ጤና ኦፓል ሲመጣ ገዥ ወደዚያ የሸሸው ለዚህ ነው። ሴረምም እንዲሁ ነው። ሲከፈት ውኃ የመሰለ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ አየር ሲነካው ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቡናማው የሞተ ነው፤ ቅናሽ ተደርጎበት ቢገኝም አይገዛም። ብርድ ሕይወቱን ስለሚያስረዝም ሌላው ማቀዝቀዣ የሚፈልግለትን ነገር መዘዞ በነጻ ትሰጣለች።

ይሠራል ወይ? በሜክሲኮ ሳን ልዊስ ፖቶሲ ከተማ በ2004 የታተመ ሙከራ ማዲያት ያለባቸውን 16 ሴቶች ይዞ በግማሽ ፊታቸው 5 በመቶ ቫይታሚን ሲ፣ በሌላው ግማሽ 4 በመቶ ሃይድሮኩዊኖን ለ16 ሳምንት አስቀባቸው። ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ውጤት ያገኙት በሃይድሮኩዊኖኑ 93 በመቶ፣ በቫይታሚኑ 62.5 በመቶ ናቸው። መቆጣትና መሰል ጉዳት ግን በሃይድሮኩዊኖኑ በ68.7 በመቶ ላይ ሲታይ በቫይታሚኑ በ6.2 በመቶ ላይ ብቻ ነበር። ሙከራው ትንሽ ነው፤ የሚሰጠው ፍርድ ግን ሚዛናዊ ነው። ቫይታሚን ሲ ደካማው ግን የዋሁ መድኃኒት ነው። አራት ወር መታገሥን ይጠይቃል፤ በሳምንት ለውጥ አመጣለሁ የሚል ብልቃጥ ውስጡ ሌላ ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

ለጥቁርና ለጠይም ቆዳ ደግሞ ፀሐይ መከላከያ አያስፈልግም የሚል ወሬ አለ። ግማሽ እውነት አለው። በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ከቃጣይ ጨረር 7.4 በመቶውን ብቻ እንደሚያሳልፍ፣ የነጭ ግን 24 በመቶ እንደሚያሳልፍ ለክቷል። ስለዚህ ጠይም ሰው በቀላሉ አይላጥም። በ2010 በዲትሮይት የተሠራ ሌላ ጥናት ግን የሚታየው ብርሃን ራሱ ጠይም ቆዳን ለሳምንታት እንደሚያጠቁር፣ ነጭ ቆዳን ግን እንደማይነካ አሳየ። ተራው ነጭ የፀሐይ ክሬም ይህን ብርሃን አያግድም። የሚያግደው ቀለም ያለው ክሬም ነው፤ ቀለሙም የብረት ኦክሳይድ ነው። ያ ማለት ቀይ አፈር ማለት ነው። በ2014 የሜክሲኮዎቹ ተመራማሪዎች ማዲያት ያለባቸውን ሰዎች ሲያወዳድሩ ብረት ኦክሳይድ ያለበትን መከላከያ የተቀባው ወገን ከሌላው ተሽሎ ተገኘ። የዘመኑ ክሊኒክ ለማዲያት የሚመክረው ቀለም ያለው መከላከያ እና የፖርክ ኤፒኩ መፍጫ ድንጋይ ላይ የቀረው ቀይ ዱቄት በመሠረቱ አንድ ማዕድን ናቸው። ቀለም መጨመር የመጀመሪያው ዘዴ ነበር፤ ሕክምናው 40,000 ዓመት ዞሮ ወደዚያው ተመለሰ።

ሴረም ለመግዛት ያሰበ አንባቢ እንግዲህ ጥቂት ነገር ይያዝ። ከጥላና ከባርኔጣ በፊት ሴረም አይግዙ፤ ያለ እነሱ ገንዘብዎ ይባክናል። ብልቃጡ ጥቁር ወይም ቡናማ መስተዋት፣ መጠኑ ትንሽ፣ የቫይታሚኑ ድርሻ ከ5 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት ጥቂት ጠብታ በንጹሕ ፊት ላይ፣ በላዩ መከላከያው። መጀመሪያ ክንድ ላይ ይሞክሩት፤ ጥቂት ቢለበልብ አያስፈራም፣ ቢያቃጥል ግን ይተዉት። ነፍሰ ጡር ሴት ከሃይድሮኩዊኖን ትራቅ፤ ቫይታሚን ሲ ግን በቆዳ ላይ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመናል። ነጠብጣቡ ቅርጹን ከለወጠ፣ ካሳከከ ወይም ከደማ ሴረሙን ትተው የቆዳ ሐኪም ይዩ፤ በአዲስ አበባ ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቆመው አለርት ሆስፒታል ለዚህ ከታወቁት አንዱ ነው። በእሽጉ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪ የሚል ቃል ካለ፣ ወይም “ከመቀባትዎ በፊት ወርቅና ብርዎን ያውልቁ” የሚል ማሳሰቢያ ካነበቡ ሜርኩሪ መሆኑን ይወቁና ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱት።